ነብሮ ለምን ከበር ይወጣ ነበር? የአንድ የባህር ዳር ውሻ ጉዳይ ጥናት

ይሄን የምፅፈው ውሻ በምግብ ስለማሰልጠን የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለበዙ ነው፣ ግማሾቹ ደሞ "ሞክረነዋል እኮ፣ አይሰራም" ነው የሚሉኝ። የእንስሳት ህክምና ላይ ስለምሰራ እንደዚ ያሉኝ ሰዎች ቤት እየሄድኩ አያለሁ፣ እና እስካሁን ምግቡ ያልሰራበት ቤት አላየሁም፣ በደንብ እየሰራ ነው፣ ያስተማረው ግን ሰዎቹ ያላሰቡትን ነገር ነው። የነብሮ ጉዳይ ይሄን ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ከመነሻው አሁን እስካለበት ድረስ እንዳለ ላስቀምጠው፣ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

ነብሮ ባህር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ ከጣና ሀይቅ ብዙ በማይርቅ ግቢ የሚኖር ወንድ ውሻ ነው፣ ሁለት አመት አልፎታል፣ እናቱ የሰፈር አበሻ ውሻ ናት አባቱ ደሞ ጀርመን ክልስ ነው ይላሉ፣ አንዱ ጆሮው ቆሟል አንዱ ታጥፏል፣ በጣም ንቁ ነው። ግቢው ውስጥ አባትና እናት፣ አስራ ሁለት አመት የሆነው ልጃቸው፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አያት፣ ሰርቪስ ቤት የተከራዩ ሁለት የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች፣ እና ጋሼ የምንላቸው ከወደ አቸፈር የመጡ ዘበኛ አሉ። ይሄን ሁሉ ሰው ዝም ብዬ አልዘረዘርኩም፣ ውሻውን የሚያስተምረው የእነዚህ ሁሉ ሰዎች እጅ ነው፣ አንዱ በሳምንት የገነባውን ሌላው በአንድ ቁራሽ ዳቦ ያፈርሰዋል።

ችግሩ በሩ ላይ ነው። የግቢው በር በተከፈተ ቁጥር ነብሮ ሾልኮ ይወጣል፣ መንገድ ላይ ባጃጅ ካገኘ ባጃጅ፣ ሳይክል ካገኘ ሳይክል ያባርራል፣ ባህር ዳር ደሞ ሁለቱም የማይጠፉበት ከተማ ነው። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት በሩ ለመኪና ሲከፈት ወጣና በሳይክል የሚያልፍ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነከሰው። ቁስሉ ትንሽ ነበር፣ ግን እዚ አገር ትንሽ ንክሻ ብሎ ማለፍ አይቻልም፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የቤቱ እናት ደንግጣ ስትደውልልኝ ያልኳት፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት፣ ከዛ ወደ ሀኪም ቤት፣ ምክንያቱም ክትባት መጀመር አለበት የለበትም የሚለውን የሚወስነው ሀኪም ነው። ነብሮ የአመቱን ክትባት ወስዷል ካርዱም አለ፣ ቢሆንም 10 ቀን ታስሮ ክትትል ላይ ቆየ፣ ደህና ነበር። የተነከሰውም ልጅ ደህና ነው። አባትየው ግን ቆርጦ ነበር፣ ወይ ይሰጥ ወይ ይወገድ፣ ልጃቸው እያለቀሰ እግሩ ላይ ወድቆ ነው እስከ ፋሲካ ጊዜ የተሰጠው።

እኔ መጀመሪያ ያደረኩት ምንም ሳልነካ ማየት ነው። ክትትሉ አልቆ ነብሮ እንደወትሮው ሲለቀቅ አፉን አሳስሬ (ሰው እንዳይነክስ) ጠዋት ሁለት ሰአት አካባቢ፣ ተማሪዎቹም አባትየውም የሚወጡበት ሰአት ላይ፣ ጋሼ አጠገብ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። በሩ ተከፈተ፣ ነብሮ ወጣ። ባጃጅ አለፈ፣ ተከተለው፣ ባጃጁ እስከ ማዞሪያው ድረስ ሸሸ፣ ነብሮ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ቆመ። ከዛ የቤቱ ልጅ ከቤት ዳቦ ይዞ እየሮጠ ወጣና መንገዱ መሀል ላይ "ነብሮ! እንካ! እንካ!" እያለ ዳቦውን አወዛወዘ፣ ነብሮ መጣ፣ አፉ የታሰረበትን ጨርቅ ልጁ ላላ አደረገለትና እዛው መንገድ ላይ ዳቦውን በላ። ከዛ አንገቱን ይዞ ወደ በሩ ጎተተው፣ ነብሮ በሩን ሲያልፍ ጋሼ ከዘራቸውን አንስተው ጀርባው ላይ አሳረፉበት። "አየህ ዶክተር፣ ምግብ ነው ያበላሸው" አሉኝ ቁጭ እያሉ። "ዱላ ያልቀመሰ ውሻ አይሰማም።"

ሁሉም ልባዊ ናቸው፣ ይሄን በደንብ አስምሩልኝ። ልጁ ውሻው መኪና እንዳይገጨው ነው፣ ጋሼ ስራቸውን ነው፣ ማንም ነብሮን የሚጠላ የለም። ግን ነገሩን ነብሮ ባለበት ቦታ ቆመን እንየው። ወጣ፣ ባጃጁ ሸሸለት። ባጃጅ ሁሌም ይሸሻል፣ ስራው መሄድ ነዋ፣ ለውሻው ግን በየቀኑ እሱ አባሮት የሄደ ነው የሚመስለው፣ ይሄ ራሱ ከማንም እጅ ያልተሰጠ ትልቅ ሽልማት ነው። ቀጥሎ ዳቦ መጣ፣ መንገድ ላይ። ግቢ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ሲውል ግን ማንም ዳቦ አይሰጠውም፣ "እሰይ ዛሬስ ጨዋ ሆኗል" ተብሎ ይታለፋል። በመጨረሻ ሲገባ ዱላ። ስለዚ ውጪ ድል እና ዳቦ፣ በሩ ላይ ከዘራ። አንድ ሰው ውሻ ከግቢ እንዲወጣና እንዳይመለስ አሰልጥንልኝ ቢለኝ ከዚ የተሻለ ፕሮግራም አላወጣለትም።

እዚጋ ስለ ሽልማት መታወቅ ያለበት አንድ መሰረታዊ ነገር አለ። ቶርንዳይክ የሚባል አሜሪካዊ የስነ ልቦና ሰው በ1898 ባሳተመው ስራ ድመቶችን ከውስጥ በገመድ ወይ በመቀርቀሪያ የሚከፈት ሳጥን ውስጥ እየከተተ ምግብ ውጪ ያስቀምጥላቸው ነበር፣ ድመቷ መጀመሪያ ትቧጭራለች ትነክሳለች በአጋጣሚ ገመዱን ትስባለች ትወጣለች፣ በደጋገመው ቁጥር ከንቱ የሆነው ቡጨራ እየቀነሰ የምትወጣበት ሰአት እያጠረ ሄደ። ድመቷን ማንም አላስረዳትም። ደስ የሚል ውጤት ያስከተለው ድርጊት ተደጋገመ፣ ያላስከተለው ጠፋ፣ በቃ። ነብሮም እንደዛው ነው፣ ልጁ "ስለተመለስክ ነው ይሄን የምሰጥህ" ብሎ በሆዱ ቢያስብ ያ ሀሳብ ውሻው ጋ አይደርስም፣ የሚደርሰው ዳቦው ከመምጣቱ በፊት የነበረው ሰንሰለት ነው፣ በር፣ ባጃጅ፣ መንገድ፣ ዳቦ። ከዛ ውስጥ ደሞ በጣም የሚጠነክረው ዳቦው አፉ ሲገባ እየሰራ የነበረው ነው። አንድ ሁለት ሰከንድ እንኳን ከዘገየ የሚሸለመው ሌላ ድርጊት ይሆናል፣ ውሻው ቁጭ ብሎ ነበር፣ አንተ ኪስህን እስክትፈትሽ ተነሳና ዘለለብህ፣ ሰጠኸው፣ እንግዲህ መዝለሉን ነው የከፈልከው።

ስለዚ የመጀመሪያው ስራ አዲስ ነገር ማስተማር አልነበረም፣ የተሳሳተውን ክፍያ ማቆም ነው። ነብሮ ባጃጅ ባባረረ ቁጥር ራሱን በራሱ ስለሚሸልም እኛ የምንሰጠው ምንም ነገር ከዛ ጋር አይወዳደርም፣ እና ረጅም ገመድ ገባ። ገመዱ ግቢ ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ታስሮ ከበሩ አንድ ሜትር ያህል ሲቀር ያልቃል፣ አንገቱ ላይ ግን አይደለም፣ ሮጦ ጫፍ ሲደርስ አንገቱን ይጎዳዋል፣ ሰፈር ያለ ጫማ ሰሪ ከድሮ ቦርሳ ማንገቻ ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ ሰርቶለታል። መንገድ ላይ ዳቦ ማወዛወዝ ቆመ። ከዘራውም ቆመ፣ እሱ ግን ቀላል አልነበረም።

ጋሼን በንድፈ ሀሳብ ማሳመን አልፈለኩም። የጠየኳቸው አንድ ጥያቄ ነው፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ሲመቱት የት ነበር?" "እዚሁ በሩ ላይ።" "ሲገባ ነው ሲወጣ?" ዝም አሉ። ዝምታቸው ረዘም አለ፣ ከዛ "ሲገባ" አሉ። ከዛን ቀን በኋላ ከዘራዋ አግዳሚው ስር ነው የምትውለው። በነገራችን ላይ ዱላ ሌላም ጣጣ አለው፣ ሲያጉረመርም እየተመታ ያደገ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል ፍርሀቱን ግን አይተውም፣ እና አንድ ቀን ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል፣ እንደዛ አይነት ንክሻ የመጣባቸውን ልጆች አይቻለሁ፣ ስለዚ ይሄን ነገር ቀለል አድርጌ አላየውም።

ቀጥሎ ምን እንሸልመው የሚለው መጣ። ብዙ ሰው እዚጋ ራሱ ይወስናል፣ ዳቦ አለ ዳቦ ይሰጣል። የሚወስነው ግን ውሻው ነው፣ ስለዚ ጠየቅነው። ከራት በፊት ሁለት ሳህን ላይ ሁለት አይነት እያደረግን የትኛውን ቀድሞ እንደሚበላ፣ ቦታ እየቀያየርን ልጁ ደብተሩ ላይ ፃፈ። ደረቅ እንጀራ መጨረሻ ወጣ፣ ዳቦ ከሱ ትንሽ ይሻላል፣ የተቀቀለ እንቁላል ጥሩ ነው፣ አሳ በጣም ጥሩ ነው፣ የተቀቀለ ሳምባ ግን ሁሉንም አስጥሎ ያስሮጠዋል። ይሄ ደረጃ ብዙ ነገር ያስረዳል፣ ዳቦ ግቢው ፀጥ ሲል ይበቃል፣ በሩ ሲንኳኳ ግን ዳቦ ማለት ለነብሮ ምንም ማለት ነው፣ አፍንጫው ስር ብታደርግለትም አያየውም። እናትየው "ምግብ አይወድም እኮ" ያለችኝ ለዚ ነው። ይወዳል፣ ዋጋው ከስራው ክብደት ጋር ስላልተመጣጠነ ነው። ከባድ ቦታ ላይ ሳምባ፣ ቀላል ቦታ ላይ ዳቦ፣ እንደዛ ነው የከፋፈልነው።

ስለ ሳምባ ትንሽ ላቁምና ልናገር ምክንያቱም አደገኛ ነገር አለው። ሉካንዳ ቤት ሳምባና ጉበት ለውሻ ርካሽ ወይ በነፃ ይሰጣል፣ ብዙ ሰው ጥሬውን ነው የሚወረውረው። በግና ከብት ሳምባና ጉበት ላይ አንዳንዴ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይታያል፣ ያ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል እጭ ነው፣ ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በአይነምድሩ ይወጣል፣ ውሻውን የሚዳስስ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ወደ ልጁ ይገባና አመታት ቆይቶ ጉበቱ ወይ ሳምባው ላይ ያው ከረጢት ይወጣበታል፣ ህክምናው ብዙ ጊዜ ኦፕሬሽን ነው። ስለዚ ቢያንስ ግማሽ ሰአት መንተክተክ አለበት፣ ከረጢት የታየበት ደሞ ጭራሽ አይሰጥም፣ ይቀበር ወይ ይቃጠል፣ ውሻውም ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድሀኒት በየጊዜው ይውሰድ። ጨው አይደረግበትም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ነገር ለውሻ ደሙን የሚጎዳ መርዝ ነው፣ ስለዚ ወጥ የነካው ፍርፋሪ ለሽልማት አይሆንም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደሞ እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል።

ከተቀቀለ በኋላ የሽምብራ ፍሬ በምታክል መጠን ይከተፋል። ሰው ሲያይ "ይቺ ምን ትሰራለታለች" ይላል፣ ግን ውሻ የሚቆጥረው ስንት ጊዜ እንደተሰጠው ነው እንጂ የአንዱን ጉርሻ ትልቀት አይደለም፣ ትልቅ ከሰጠኸው አኝኮ እስኪጨርስ ትምህርቱ ይቋረጣል፣ ቶሎም ይጠግባል። የተለመደው ልክ ጉርሻው ከቀን ምግቡ ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ነው፣ ብዙ በሰራንበት ቀን ከራቱ ቀንሰናል። የምንሰራውም ከራት በፊት ነው፣ ሶስት አምስት ደቂቃ፣ ገና እየፈለገ እያለ ይቆማል።

ከዛ "ጎሽ" መጣች። ጋሼ ከአግዳሚው ተነስተው ነብሮ ጋ እስኪደርሱ ጊዜ ያልፋል፣ ያ ጊዜ ደሞ ቅድም እንዳልኩት ሌላ ድርጊት ያሸልማል። መፍትሄው አንዲት አጭር ድምፅ ከምግቡ ጋር ማጣመር ነው፣ ፓቭሎቭ የሚባለው ሩሲያዊ የምግብ መፈጨትን ሲያጠና ውሾቹ ምግቡ ሳይመጣ ገና ምልክቱን ሲሰሙ ምራቃቸው መምጣት እንደጀመረ ያየው ነገር ነው፣ ሰውየው በ1904 ኖቤል ያገኘው በምግብ መፈጨት ጥናቱ ነው። ሁለት ሶስት ቀን ምንም ሳናዘው "ጎሽ" ከዛ ጉርሻ፣ "ጎሽ" ከዛ ጉርሻ። ድምፁ ይቀድማል፣ እጅ ይከተላል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከሆኑ ውሻው እጅ እጅህን ነው የሚያየው። ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ዞር ማለት ሲጀምር ገብቶታል ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ ጋሼ ቁጭ ብለው ከሩቅ "ጎሽ!" ብለው ትክክለኛዋን ሰከንድ ይይዙና ጉርሻው ቢዘገይም ችግር የለውም። አንድ ህግ ብቻ ነው ያለው፣ "ጎሽ" ተብሎ ጉርሻ አይቀርም።

በሩ ላይ የሰራነው እንዲ ነው። ከበሩ አራት ሜትር ገባ ብሎ ግድግዳው ስር ጆንያ ተነጠፈ። ጋሼ መቀርቀሪያውን ነካ ብቻ ያደርጋሉ፣ ድምፁን እንዲሰማ፣ በሩ ግን አይከፈትም። ነብሮ ይነሳል ይስባል፣ ማንም አይናገረውም። ትንሽ ቆይቶ ገመዱ ሲላላ፣ ማለትም በራሱ ወደኋላ ሲል፣ "ጎሽ!" ጉርሻው ጆንያው ላይ ይወረወራል። ጉርሻው የሚያርፍበት ቦታ በጣም ወሳኝ ነው፣ ውሻ የሚከፈልበት ቦታ ላይ ነው መቆየት የሚፈልገው፣ በሩ ላይ ብንሰጠው በሩ ላይ ይጠብቃል፣ ጆንያው ላይ ሲወርድለት ግን መቀርቀሪያው ገና ሲንቀጫቀጭ ራሱ እየሮጠ ጆንያው ላይ መቆም ጀመረ። ከዛ በሩ ስንጥቅ ያህል ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ከዛ ግማሽ፣ ከዛ ሙሉ። ከጆንያው ከተነሳ በሩ ይዘጋል፣ ቁጣ የለም፣ በቃ ይዘጋል። ሙሉ ተከፍቶ መቀመጥ ሲችል ደሞ አንዳንዴ ጉርሻው ምግብ መሆኑ ቀረና ልጁ ገመዱን ይዞ "ሂድ!" ብሎት አብረው ይወጣሉ። ነብሮ ከምንም በላይ የሚፈልገው መውጣት እንደነበር አትርሱ፣ እሱኑ ሽልማት አደረግነው፣ መውጣት የሚገኘው ጆንያው ላይ በመቀመጥ ሆነ።

ማየት የሚገርመው ከሁሉም ጎበዝ የሆኑት ጋሼ ናቸው። እኔም አባትየውም ልጁም እናረፍዳለን፣ እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ በሩን ነው የሚያዩት፣ እድሜ ልካቸውን ከከብት ጋር ስለኖሩ እንስሳ ሊያደርግ ያሰበውን ከትከሻው ያውቃሉ። "ጎሽ" የሚሏት ነብሮ ሊነሳ አስቦ ሲተወው ነው፣ እሷን ሰከንድ እኔ አላያትም።

ልጁ ጋ ያጋጠመው ደሞ ሁሉም ቤት የሚያጋጥም ነው። "ና" ብሎ ሲጠራው ሳምባውን በጣቱ ይዞ እያሳየው ነበር። ነብሮ እየበረረ ይመጣል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ከዛ ባዶ እጁን ሲጠራው ነብሮ እጁን አይቶ መንገዱን ይቀጥላል። ያ ሽልማት መሆኑ ቀርቶ ጉቦ ሆኗል፣ ውሻው መጀመሪያ አይቶ ነው የሚዋዋለው። መጀመሪያ አካባቢ ምን እንደምትፈልግ ለማሳየት እጅ ላይ ይዞ መምራት ችግር የለውም፣ ግን ሶስት አራት ጊዜ አድርገኸው ያው የእጅ ምልክት በባዶ እጅ መሆን አለበት። ሳምባው ክዳን ባለው ጣሳ ሆኖ የግድግዳው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ልጁ ባዶ እጁን ይጠራል፣ ሲመጣ "ጎሽ"፣ ከዛ አብረው ወደ ጣሳው ይሮጣሉ። ሩጫውን ራሱ ነብሮ ወደደው። ሌላው ደሞ፣ ከተጠራ በኋላ ሁልጊዜ መታሰር ከተከተለው መጠራትን ይጠላል፣ ስለዚ ይጠራል፣ ይጎርሳል፣ እንደገና ይለቀቃል።

ከዛ ሁዳዴ ገባ። 55 ቀን። እማማ "በፆም ቤቴ ውስጥ ስጋ አይንተከተክም" አሉ፣ አለቀ። ማንም አልተከራከረም፣ እኔም አልተከራከርኩም፣ ቤቱ የሳቸው ነው። አሳም ቢሆን ለሳቸው ያው ነው፣ ድስታቸው ውስጥ አይገባም። እዚጋ ነው ብዙ ቤት ስልጠናው ተቋርጦ የሚቀረው፣ እና ልክ አይደለም ምክንያቱም ሽልማቱ ሲጠፋ የተማረው ነገርም መላላት ይጀምራል። መጀመሪያ በፆሙ ነገር ሞከርን፣ የተቀቀለ ሽምብራ፣ ድንች፣ ጨው የሌለው የተቆላ ኦቾሎኒ ተወቅጦ። ለቀላሉ ስራ ሽምብራውና ድንቹ በቂ ናቸው፣ ኦቾሎኒውን በጣም ወዶታል ግን ቅባት ስለሚበዛው ትንሽ ትንሽ ነው፣ በሩ ላይ ግን ነብሮ ወደ ድሮው ሊመለስ ነበር። መላ ያመጡት ተከራዮቹ ናቸው፣ አንደኛው ሀይቁ ዳር አሳ ከሚያወጡት ልጆች የቀረሶና የአምባዛ ቅንጥብጣቢ፣ ስጋው ተገፎ የሚጣለውን፣ ያመጣል፣ ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ በራሳቸው ከሰል ምድጃና ለሱ ብቻ በተመደበ ጣሳ ይቀቅሉታል፣ እሾሁ በጥንቃቄ ይለቀማል (የቀረሶ እሾህ ጉሮሮ ላይ ይሰካል)፣ መረቁ ደሞ አይጣልም፣ ደረቅ ዳቦ በጣም ትንሽ ትንሽ ተቆርጦ ይነከርበትና ፀሀይ ላይ ይደርቃል። ያ ዳቦ እንደ ድሮው ዳቦ አይደለም፣ ሽታው አሳ ነው፣ ደረጃው ከእንቁላል በላይ ሆነ። እማማ ጣሳዋ ወደ ማድቤት እንዳትጠጋ አዘው ዝም አሉ፣ በኋላ ላይ እንደውም "ያ ውሻ ዛሬ ጉርሻውን አገኘ?" ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ።

ፆሙ አጋማሽ ላይ ሌላ ነገር ተፈጠረ። እናትየው "አሁንማ አወቀው" ብላ ጉርሻው በአንዴ እንዲቆም አደረገች። ሁለት ቀን ነብሮ ጆንያው ላይ ሄደ ጠበቀ፣ ምንም የለም። ከዛ መጮህ ጀመረ፣ ጆንያውን መቧጨር ጀመረ፣ ገመዱ ደሞ ለጊዜው ተፈቶ ስለነበር በሩ ሲከፈት ወጣ። እንደ እድል መንገዱ ባዶ ነበር። የሷ አስተሳሰብ የብዙ ሰው ነው፣ ካወቀ ለምን ይከፈለዋል። ይሄን የመለሱት ጋሼ ናቸው፣ "እኔስ እመቤት፣ ዘብነቱን አውቄዋለሁ ተብሎ ደሞዜ ቢቀር እዚ እቀመጣለሁ?" እሷም ሳቀች ነገሩም አለቀ።

ትክክለኛው አካሄድ በአንዴ ማቆም ሳይሆን ውሻው መገመት እንዳይችል አድርጎ ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። አዲስ ነገር ሲማር እያንዳንዱ ትክክል ይሸለማል፣ አንድም አይዘለልም። ሲጠነክር አንዳንዱ ይሸለማል አንዳንዱ "ጎሽ" ሳይባል በማሻሸት ወይ በጥሩ ቃል ያልፋል፣ ግን መቼ እንደሚመጣ ውሻው ማወቅ የለበትም፣ አንዴ ሁለተኛው ላይ፣ አንዴ አምስተኛው ላይ፣ አንዴ ተከታታይ። ስኪነር የሚባለው ሌላ አሜሪካዊ የስነ ልቦና ሰው በእርግብና በአይጥ በደንብ ያሳየው ነገር ነው፣ እየተዘለለ በሚመጣ ሽልማት የፀና ልማድ ሽልማቱ ሲጠፋም ቶሎ አይሞትም፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሲሸለም የነበረ ግን ሲቋረጥበት ቶሎ ይተዋል፣ ከመተዉ በፊት ደሞ እንደ ነብሮ ይብስበታል፣ ይጮሀል ይቧጭራል። ከዛ በጣም ጎበዝ ያደረገ ቀን፣ ለምሳሌ ባጃጅ እየጮኸ እያለፈ በሩም ክፍት ሆኖ ጆንያው ላይ ሲቆይ፣ አምስት ስድስት ጉርሻ ተከታትሎ ይወርድለታል።

የባጃጁ ነገር የተሰራው ውጪ ነው፣ እሱም ጊዜ ወስዷል። ልጁና አባትየው (አባትየው እዚጋ ነው ወደ ነገሩ የገባው) ጠዋት ማለዳ በገመድ ይዘውት ወደ ሀይቁ ዳር ይወጣሉ፣ ጉማሬ ከሚታይበት ከአባይ መውጫ ራቅ ወዳለው በኩል፣ ከአስፋልቱ በደንብ ርቀው ይቆማሉ። ባጃጅ ሲታይ "ጎሽ" አሳ። አለፈ፣ ጉርሻውም ቆመ። ሌላ መጣ፣ አሳ። ባጃጅ መምጣት አሳ መምጣት ሆነ። ርቀቱን የሚነግራችሁ የውሻው አፍ ነው፣ ጉርሻውን ከወሰደ ርቀቱ ልክ ነው፣ ከነጠቀና ጣታችሁን ከነከሰ ቀርባችኋል፣ ጭራሽ እምቢ ካለ በጣም ቀርባችኋል፣ ያኔ የተሻለ ምግብ መፈለግ አያድንም፣ ወደኋላ መራቅ ነው ያለው። ቀስ በቀስ ነብሮ ባጃጅ ሲሰማ ራሱ ዞሮ አባትየውን ማየት ጀመረ። ሳይክል ከባጃጅ በላይ ከባድ ሆኖብናል፣ ድምፅ ስለሌለው በድንገት ነው የሚደርሰው፣ ከኋላ ሲመጣ አሁንም ይደነግጣል። ለዛ ተማሪዎቹ የራሳቸውን ሳይክል ግቢ ውስጥ ዝም ብለው እያስቆሙ፣ ከዛ እየገፉ፣ ከዛ በዝግታ እየነዱ ረድተውናል።

ፋሲካ ሲደርስ አባትየው ስለመስጠት ሳያነሳ ቀረ፣ እኔም አላስታወስኩትም። በአሉ ራሱ ግን ፈተና ነበር፣ እንግዳው ሁሉ ከጠረጴዛ ስር አጥንት ይወረውራል፣ በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፣ ስለዚ ነብሮ የበአሉን ቀን ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ ታስሮ ሳምባ የተቀባ ትልቅ የበሬ አጥንት እየላሰ ነው የዋለው። እንደዛ አይነት ቀን ላይ ማሰልጠን አይሞከርም።

አሁን ያለበት ይሄን ይመስላል። ጋሼ፣ ልጁ ወይ አባትየው ሲከፍቱ ነብሮ ጆንያው ላይ ነው፣ ገመድ የለውም። ተማሪዎቹ ሲከፍቱ አብዛኛውን ጊዜ። እንግዳ ሲከፍት ግን ገና አይታመንም፣ ውሻ አንድ ነገር ከአንድ ሰው ጋር ስለተማረ ከሌላው ጋር ያውቀዋል ማለት አይደለም፣ ለሱ በሩና ጋሼ አንድ ላይ ነው የተማራቸው። ስለዚ ሌላ ሰው በሩን በሚከፍትበት ጊዜ አሁንም ደረቱ ላይ ያለው ማሰሪያ ከማንጎው ጋር ይያያዛል፣ ማታ ሲለቀቅ ደሞ በሩ በቁልፍ ነው። ከክረምቱ በፊት ጎረቤቶች ተራ በተራ እየመጡ መቀርቀሪያውን እንዲነኩልን ጠይቀናል፣ ሳምባው ጣሳ ውስጥ ነው፣ "ጎሽ" የሚሉት ግን በዚ ልምምድ ለጊዜው ጋሼ ብቻ ናቸው፣ ሌላ ሰው ሰከንዷን እስኪለምድ ድረስ።